የሰሜን ባሕር ሸምበቆ

አርባ ምንጭ፣ መስከረም 9 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለኦይታ ዳምጤ፤

ባለፈው ማክሰኞ ሲቀላ አውቶቡስ ተራ ቆሜ ሳለ አንድ ሰው ለአንድ ሾፌር፣ «ሶቪየት የጻፈውን የሚሽር ሰው በዚህ ክፍለ ሀገር አልተወለደም» ሲለው ሰማሁ። ተናጋሪው ጓድ አበጋዝ ነበር፤ አዲሱ የምርት ዘመቻ ኃላፊያችን። ሃያ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለ የማያወላውል ዐረፍተ ነገር በየቀኑ አያገኝም። እንዳለ ተቀበልኩት። ቀኑንና ሰዓቱንም ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጫሞ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር አምና ለሁለት የጀልባ ሞተር ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። ማመልከቻው አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከዚያ ወዴት እንደዞረ የሚያውቅ የለም፤ በመጨረሻ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አንድ ትልቅ ሣጥን መጣ። ሲከፈት ስልሳ መጻሕፍት። «ሞተሩስ?» ብሎ የጠየቀው ሾፌሩ ነው። ምን አገባው፤ ግን የሁላችንንም ጥያቄ ጠየቀልን። ጓድ አበጋዝ የመለሰለትን ከላይ ጽፌልሃለሁ።

መጽሐፉ «የሰሜን ባሕሮች ሥነ ሕይወት መግቢያ» ይባላል። ይህንን ያወቅነው ሣጥኑ ላይ ከተለጠፈው የእንግሊዝኛ ወረቀት ነው እንጂ ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ሩሲያኛ ነው። ሽፋኑ ላይ አንድ ወፍ በረዶ ላይ ቆሞ ወደኛ ያያል። በመሠረተ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ለአጥማጆቹ እንዲሰጥ ተወስኗል፤ አስተማሪዋም እኔ ነኝ። «ጓድ፣ ሩሲያኛ አልችልም» ስለው ጓድ አበጋዝ፣ «ባዮሎጂ ይችሉ የለ?» አለኝ።

«የጫሞን ሸምበቆ ሊነኩት ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እውነት ነው። ከመጪው መጋቢት ጀምሮ የዘመቻው መረብ እዚያ ይገባል ተብሏል። ትልቁ የበልግ ዝናብ ሲጀምር የጫሞ ቆሮሶ ዓሣ ሁሉ ወደዚያ ጥግ ገብቶ እንደሚራባ፣ በእነዚያ ወራት እዚያ መረብ መጣል ጎሜ ነው ተብሎ እንደኖረ፣ ጎሜ የነካ ሰው ቤቱም ከብቱም እንደማይባረክለት ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበርክ። ዛሬ ጎሜ ሁለት ጠላት አለው። ጽሕፈት ቤቱ «ኋላቀር ልማድ» ይለዋል፤ የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ «የሰይጣን ሥራ»። አንዱ የሌላውን በር ያሸገ ነው፤ ሌላ የተስማሙበት ነገር አላውቅም። ሸምበቆው በሦስት ወር ከተጠረገ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ጫሞ ላይ የሚቀረን አዞው ብቻ ነው።

አባትህ ደህና ነው። ትንሽ ጉንፋን ይዞት ሰሞኑን ከሰው አልተቀላቀለም።

ዓሣ ሊማር ሩሲያ፣ ሙርማንስክ ድረስ የሄደ የጫሞ አጥማጅ ልጅ ካንተ ሌላ የለኝም። መጽሐፉ እናንተ ዘንድ ካለ ምዕራፍ በምዕራፍ ወደ አማርኛ መልስልኝ። በተለይ ስለ መራቢያ የሚናገረውን። ይኖረዋል፤ ስለ ዓሣ ጽፎ መራቢያን የሚዘል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይህን ደብዳቤ ከአንተ በፊት ለሚያነቡትም ሰው ሰላምታዬ ይድረሳቸው። እጅ ጽሕፈቴ ስለሚያስቸግራቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መምህርትህ ልክነሽ

*

ሙርማንስክ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለእትዬ ልክነሽ፤

ስለ ጤናዎ እየጠየቅሁ፣ ስለ መዘግየቴ ይቅርታ እለምናለሁ። እርስዎ ጉንፋን ያሉትን እኅቴ ማሚቱ የዘጠኝ ቀን የቀበሌ እስር ትለዋለች። ሁለታችሁንም አምናለሁ፤ የቀበሌው ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ጉንፋኑም አይቀርም። «ሸምበቆው ውስጥ መረብ አልጥልም» በማለቱ እንደታሰረም ጽፋልኛለች። ይህን ያለው በስብሰባ መካከል ተነሥቶ መሆኑን ሳነብ የአባቴን ድምፅ ሰማሁት። በስብሰባ ተነሥቶ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ባሕሩ ይቀዘቅዛል ወይ?» ብለው ቀደም ሲል ጠይቀውኝ ነበር። አይቀዘቅዝም። ከሩቅ ደቡብ የሚመጣ ሞቅ ያለ የውሃ ጅረት ስለሚገባበት ወደቡ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። የሚቀዘቅዘው ሰው ነው። ፀሐይ በሚመጣው ወር ትሄዳለች፤ የምትመለሰው ከገና በኋላ ነው ይላሉ። ማንንም ሲያሳስበው አላየሁም። የዳቦው ወረፋ እንደሆነ በጨለማም ይቆማል።

ወፉ ያለበት መጽሐፍ አለን፤ የአንደኛ ዓመት መማሪያችን ነው። ምዕራፍ አንድና ሁለትን ተርጉሜ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የመጀመሪያው፣ ባሕር የሚጀምረው ከብርሃን ነው ይላል። በውሃው ላይ ዓይን የማያያት ሥር የሌላት ተክል ትንሳፈፋለች፤ ፕላንክተን ከሚባሉት ናት። ጨለማው አልፎ ፀሐይ ስትመለስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ባሕሩን አረንጓዴ ታደርገዋለች። እሷን የጤፍ ቅንጣት የሚያህል ነፍሳት ይበላታል፤ እሱን ጣት የምታክል ዓሣ፤ ያቺን ክንድ የሚያህል ዓሣ፤ ያንን ደግሞ ጢም ያለው እግር የሌለው አውሬ። ሁለተኛው ምዕራፍ በበረዶው ሆድ ላይ ተገልብጦ ስለሚበቅል ተክል ነው። መምህራችን ይህን ሲያስረዱ እንደ ሰባኪ ድምፃቸው ይለወጣል።

ስለ መራቢያ የሚናገር ምዕራፍ ይኖረዋል ብለዋል። መጽሐፉን ትናንት እንደገና ከጫፍ እስከ ጫፍ አገላበጥሁት። ምዕራፍ አራትን እልክልዎታለሁ። ከባድ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ ግን ዘመቻው ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ በትክክል ቢጽፉልኝ ለትርጉሙ ይረዳኛል።

ተማሪዎ ኦይታ

*

አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለኦይታ፤

ስለ ጉንፋኑ ይቅርታ። «ልጁ ፈተና አለበት» ብሎ የለመነኝ አባትህ ራሱ ነው። ተፈትቷል፤ አሁን ከፊት ወንበር ይቀመጣል። ወንበር ስልህ የተገለበጠ ጀልባ ማለቴ ነው። ትምህርቱ ጫሞ ዳር፣ ከዓሣ መጋዘኑ ጥላ ሥር፣ ጀልባዎቹ ከገቡ በኋላ ነው። ሠላሳ አንድ ተማሪዎች አሉኝ፤ የዓሣ አንጀት ፍለጋ የሚሰለፉትን ሻላ ወፎች ሳልቆጥር።

ምዕራፍ አንድን አነበብኩላቸው። ካሱን ታውቀዋለህ፤ እሱ ሳይቀልድ ፀሐይ አትጠልቅም።

«እትዬ፣ ፀሐይ ሁለት ወር ካልወጣች ዓሣው ቁርሱን መቼ ይበላል?»

«ዓሣ ቁርስ የለውም» አለ አባትህ። «ምሳም የለውም። ሲያገኝ ይበላል።»

«በሉ እንግዲህ፣ ዓሣውም የማኅበር አባል ነው።»

ዓሣ የምታጸዳው ሻሺቱ ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ «ቆይ» አለች፤ «ያን ሁሉ ዓሣ የሚቀልበው ዓይን የማያየው ሣር ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ሪፖርት ሲጻፍ ማን ስሙን ጠርቶት ያውቃል?»

ስለ ጢማሙ አውሬ ሳነብ አባትህ አልተደነቀም። «ጉማሬ ነው» አለ። «ብርድ አሳንሶት ነው።» ሊቃውንቱ ባይስማሙም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ስላልነበረኝ ወደሚቀጥለው አንቀጽ አለፍኩ።

የዘመቻውን ቀን ጠይቀኸኛል። ከመጋቢት 1 እስከ ግንቦት 30 ነው። ይህ ለትርጉም እንዴት እንደሚረዳ አልገባኝም፤ አንተ ግን ከእኔ የተሻለ ሩሲያኛ ታውቃለህ። አዲሶቹ መረቦች መጥተዋል። ቀዳዳቸው ትንሿን ጣቴን አያስገባም። ሻሺቱ አንዱን አንሥታ ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ «ይኼ ጭልፋ ነው እንጂ መረብ አይደለም» አለች።

ጓድ አበጋዝ በየሳምንቱ መጥቶ «ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ደረሳችሁ?» ይላል። «ሁለት» ስለው፣ «ፍጠኑ» ይለኛል። እኔም ላንተ ያለኝ ቃል ይኸው ነው።

የደብዳቤ ማሳረጊያውን መፈክር በቦታ ጥበት ምክንያት ዘልዬዋለሁ።

ልክነሽ

*

ሙርማንስክ፣ ጥር 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ልክነሽ፤

ፀሐይ ተመለሰች። ክፍሉ በሙሉ ሊያያት ኮረብታ ላይ ወጣ። ጫማ ለማሰር የሚበቃ ጊዜ ታይታ ገባች፤ ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ጫሞ ላይ ፀሐይን ያጨበጨበላት ሰው እንደሌለ ግን አልነገርኳቸውም።

ሁልጊዜ «በደንብ ትበላለህ ወይ?» ለሚሉኝ፣ አዎ። ጎመንና ዓሣ። ዓሣው በጨው የተነከረ ጥሬ ነው። ካሱ እንዳይሰማ።

ምዕራፍ አራት እነሆ። በመጽሐፉ ገጽ ሰባ አንድ ላይ ነው። ትርጉሜ ጥሬ ስለሆነ ሌላ ሩሲያኛ የሚችል ሰው ከዋናው ጋር ባያስተያየው ደስ ይለኛል፤ አፍራለሁ።

«ምዕራፍ አራት። ስለ መራቢያ ውሃ። ዓሣ በሁሉም ቦታ ይኖራል፤ በሁሉም ቦታ ግን አይራባም። የመራቢያ ውሃ ጥልቀቱ ከሰው ወገብ የማያልፍ፣ ነፋስ የማይመታው፣ ሸምበቆ የከበበው ነው። ትልቁ ዝናብ ሲጀምር እናት ዓሣ ወደዚያ ትገባለች። ያን ጊዜ አትበላም፤ አትሸሽም። ስለዚህ መያዟ ቀላል ነው፤ ጉዳቱም ከዚሁ ቀላልነት ይመጣል። የሰሜን ባሕሮች ሠራተኛ ሕዝብ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ በመራቢያ ውሃ መረብ አይጥልም። በመግቢያው ላይ ሣር ያስራል፤ ያንን ሣር ያየ ሁሉ ጀልባውን ያዞራል። ይህን ደንብ የጣሰ መረቡ ሦስት ዓመት ባዶ ይወጣል። ይህ እምነት አይደለም፤ ሳይንስ ነው።»

ለአባቴ ጮክ ብለው ያንብቡለት። በግራ ጆሮው በደንብ አይሰማም።

ኦይታ

*

አርባ ምንጭ፣ መጋቢት 6 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለኦይታ፤

ደብዳቤህ የደረሰኝ መጋቢት ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። በማግስቱ አነበብኩላቸው።

«እነዚህ ሩሲያውያን ጋሞ ናቸው እንዴ?» አለ ካሱ።

አባትህ ወደኔ ተጠጋ። «አንብቢልኝ እንደገና» አለ። አነበብኩለት። «ይህን የጻፈው ሰው ውሃ ያውቃል» አለ።

በሰሜን ባሕር ሸምበቆ መኖሩን አላውቅም ነበር። በገጹ ላይ ያለው ሥዕል ረጅም ቅጠል ያለው፣ ውሃ ውስጥ የሚወዛወዝ ነገር ነው። «የሰሜን ሸምበቆ እንዲህ ነው» ብዬ አስተማርኩ። ስማቸውን መጻፍ ገና ያልጨረሱት እንኳ ምዕራፍ አራትን በአምስት ቀን በቃላቸው ያዙት። በሸምበቆው መግቢያም እንደ ድሮው ሣሩ ታሰረ። ከአባትህ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ መጥተው፣ «ዳምጤ፣ ይህ ያ የድሮው ነገር አይደለም ወይ?» ቢሉት፣ «ምዕራፍ አራት ነው» አላቸው። ሰውየው ለመጽሐፍ ክብር አላቸውና ተመለሱ።

መጋቢት 1 ቀን ጓድ አበጋዝ መረቦቹን በፒካፕ ጭኖ መጣ። «አውርዱ» አለ። ማንም አልተነሣም።

«ምን ሆናችሁ?»

ካሱ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። «ጓድ፣ ምዕራፍ አራት።»

«የምን ምዕራፍ?»

«ገጽ ሰባ አንድ፣ ጓድ። ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ በመራቢያ ውሃ መረብ አይጣልም። ይህ እምነት አይደለም፤ ሳይንስ ነው።»

«እኔም አውቀዋለሁ፤ ልበልልዎ?» አለች ሻሺቱ ከኋላ።

ጓድ አበጋዝ ወደኔ ዞረ። «ይኼ የተጻፈው ለባሕር ነው። ጫሞ ሐይቅ ነው።»

«ዓሣው ይህን ያውቃል?» አለ አባትህ። ለመሳደብ አልነበረም፤ የምር ጠየቀ።

በማግስቱ ጓድ አበጋዝ ጽሕፈት ቤት ጠራኝ። «ምዕራፍ አራት ሐይቅን አይመለከትም» የሚል ወረቀት ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ ከግርጌው «የባዮሎጂ መምህርት» ይላል። አልፈርምም አልኩ። ለምን ሲለኝ ማስታወሻዬን አወጣሁና የመስከረሙን ቃሉን ከነቀኑ ከነሰዓቱ አነበብኩለት። «ይህን ከፈረምኩ እርስዎን ማስተባበሌ ነው፤ ደግሞም እኔ የተወለድኩት እዚሁ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው» አልኩት። እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ሲለኝ ነበር።

«አንቺ ደጋ፣ ገረሴ ተዛውረሽ ድንች ስትልጪ ታገኚዋለሽ» አለኝ።

«የገረሴ ድንች ጥሩ ነው» አልኩት።

ሩሲያዊ የዓሣ አማካሪ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ምዕራፉን በፊቴ እንደሚያስነብብ ነግሮኛል። ይምጣ አልኩት። እኔ ከመጽሐፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ለምን ያስፈራኛል? አማካሪው «ሐይቅን አይመለከትም» ካለ ግን መረቡ በዚያው ቀን ይገባል፤ ይህንንም ነግሮኛል።

አንድ የማይደበቅ ነገር አለ። አባትህን እንደገና ጉንፋን ይዞታል። በዚህ ጊዜ ሰባት ሰዎች አብረውት ታመዋል። ካሱም አለበት፤ እስካሁን ሲስቁ ከውጭ ይሰማል። መረቦቹን የሚጥል ሌላ ሰው ከሲቀላ ተፈልጎ ሣሩን አይቶ ተመልሷል።

ለመሆኑ እዚያ ሰዉ ደንቡን እውነት ያከብራል? ካሱ በቀበሌው መስኮት በኩል እንድጠይቅህ አዞኛል።

ልክነሽ

*

ሙርማንስክ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእትዬ ልክነሽ፤

ሰላምታዬን አሳጥሬአለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

አማካሪው እንዳይመጣ ማድረግ ይቻል ይሆን? ካልተቻለ አማርኛውን ብቻ ቢያሳዩት። ስልሳው መጻሕፍት ሐይቅ ዳር ነው ያሉት፤ ዝናብም ገብቷል፤ ወረቀት ውሃ አይችልም። በትርጉሙ ስሕተት ቢገኝ ስሕተቱ የኔ የኦይታ ዳምጤ ነው። መምህርት ልክነሽ ሩሲያኛ እንደማይችሉ አርባ ምንጭ በሙሉ ያውቃል። ይህን የምጽፈው ለእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ከእርስዎ በፊት ለሚያነቡትም ሰው ነው። እባክዎን ይህችን ገጽ በጥንቃቄ ያኑሩልኝ።

«ደንቡን ያከብራሉ ወይ?» ለሚለው የካሱ ጥያቄ፦ በየካቲት ለልምምድ በመርከብ ወጥተን ነበር። ጣት የምታክለው ዓሣ እንቁላሏን ልትጥል ወደ ዳር የምትመጣበት ወቅት ነው። ያየሁትን በደብዳቤ ማስረዳት ያስቸግራል። መርከቦቹ ብዙ ናቸው።

አባቴ ስንት ቀን ሆነው?

ኦይታ

*

አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለኦይታ፤

ስጋትህ የደረሰኝ አማካሪው መጥቶ ከሄደ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ምክርህን ሳልቀበል በመቅረቴ አትቀየመኝ። ቀድሞ ቢደርሰኝም መጽሐፍ ዝናብ ላይ የማስቀምጥ ሰው አይደለሁም። ጥፋቱን ወደራስህ የወሰድክባትን ገጽ ግን ቀድጃታለሁ። መምህርትህ ስለሆንኩ የሚታረመውንና የሚቀደደውን የምለየው እኔ ነኝ።

በመጀመሪያ፣ ስምንቱም ተሽሏቸዋል። አባትህ ሃምሳ ስምንት ቀን ነው የቆየው። ቀጥኗል፤ ግን ራሱ በእግሩ ወደ ቤቱ ገብቷል።

አማካሪው ረጅም፣ ሽበታም፣ ፊቱ በፀሐያችን የተላጠ ሰው ነው። አስተርጓሚውን ጨምሮ ጓድ አበጋዝ ጫሞ ዳር አወረዳቸው። እስረኞቹንም አስመጣቸው፤ መረታታቸውን በዓይናቸው እንዲያዩት ነው። አማካሪው የተገለበጠው ጀልባ ላይ ተቀመጠ፤ መጽሐፉን ሰጡት፤ ገጽ ሰባ አንድን ገለጠ። ዝም ብሎ አነበበ። ወደ ኋላ ሁለት ገጽ ተመለሰ፤ ወደ ፊት ሦስት ገጽ ሄደ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና በአስተርጓሚው በኩል፣ «አማርኛውን ያንብቡልኝ» አለኝ።

አነበብኩ። አስተርጓሚው ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ይመልስለታል። ሰውየው ጣቱን ሩሲያኛው ላይ አሳርፎ መስመር በመስመር ይከተላል። «ሣር ያስራል» የሚለው ጋ ስደርስ ጣቱ ቆመ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ አባትህን አየው። ከዚያ ጣቱ ቀጠለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀብን።

«ይህን ማን ተረጎመው?» አለ።

«ኮሚቴ» አልኩ። በዚህ ዘመን ኮሚቴ ያልሠራው ምን አለ? ሲተረጎምለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«ሸምበቆውን አሳዩኝ።»

አባትህ በታንኳ ወሰደው። እኔ ከዳር ሆኜ አየሁ። ሰውየው ከታንኳው ሊወርድ ሲል አባትህ ቀበቶውን ይዞ መለሰው፤ አዞ አለ። ከዚያ አባትህ እጁን ውሃ ውስጥ ከትቶ አንድ ቆሮሶ አወጣና አፏን ከፈተለት። ለፈረንጅ እንዲገባ ብሎ አማርኛውን እየሰባበረ ሲጮህ እኛ ጋ ይሰማል፤ «እናት ነው! አፉ ውስጥ ልጆች አለ፣ አየህ? አሁን እሱን ብትይዝ ስንት ያዝክ?» አስተርጓሚው አብሯቸው አልነበረም። የሰውየው ራስ ሲነቀነቅ ግን አየሁ። ቆሮሶዋን ራሱ ተቀብሎ ወደ ውሃው መለሳት።

ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ጓድ አበጋዝ ወረቀቱን ይዞ ጠበቀው። «ጓድ አማካሪ፣ ምዕራፉ ሐይቅን አይመለከትም፤ አይደል?»

ሰውየው መጽሐፉን ዘጋው። አንድ ቃል ተናገረ። አስተርጓሚው፣ «ምዕራፉ ትክክል ነው፤ ሐይቅንም ይመለከታል» አለ፤ አንዷ ቃል ይህን ሁሉ መያዟ ሩሲያኛ እንድማር አጓጉቶኛል። ከዚያ በወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፎ ፈረመበት። ሸምበቆው እስከ ሰኔ ዝግ ነው፤ በየዓመቱም እንዲሁ።

ጓድ አበጋዝን አትጥላው። በሳምንቱ «ሳይንሳዊ የዓሣ መራቢያ» የሚል ሰሌዳ አስተክሏል። ለክፍለ ሀገሩ ባስተላለፈው ሪፖርትም ሐሳቡ የራሱ ነው። ሣሩ ሰሌዳው ላይ ሲታሰር ቆሞ አይቷል፤ እንዲያውም «ጠበቅ አድርጉት» ብሏል። የኔ የገረሴ ዝውውር እንዳለ ነው፤ በመስከረም እሄዳለሁ። አልተከራከርኩም። የገረሴ ልጆችም ባዮሎጂ ይማራሉ፤ ምዕራፍ አራትን ይዤላቸው እወጣለሁ።

አጥማጆቹ አንድ ነገር ይፈልጋሉ። ስሙን መጻፍ የማይችል የነበረ ማኅበር ዛሬ ሠላሳ አንዱም ፈርሞ ጥያቄ አቅርቧል፦ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ምዕራፍ እንድትልክላቸው። «ሩሲያው ይህን ያህል የሚያውቅ ከሆነ ቀሪውንም እንስማው» ብላለች ሻሺቱ። አንተስ ከዋናው ጋር የሚያስተያየው ሰው እንዳይኖር ለምን እንደዚያ ፈራህ? ሰውየው በጣቱ ተከትሎታል፤ አንድ ስሕተት አላወጣብህም።

ልክነሽ

*

ሙርማንስክ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእናት መምህሬ ለእትዬ ልክነሽ፤

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ ጽጌሬዳ ትባላለች፤ የነርስ ትምህርቷን ጨርሳ የምትመለስ የሶዶ ልጅ ናት። በጫማዋ ውስጥ አድርጋ ስለምታመጣው ከእርስዎ በፊት የሚያነበው የለም። ሽታ ቢኖረው ይቅርታ።

አሁን እዚህ ፀሐይ አትጠልቅም። ባሕሩ በመጀመሪያው ምዕራፍ እንዳለው አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ በዓይኔ አየሁት። ስለ አባቴ የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ሃምሳ ስምንት ቀን። በታሰረበት ምክንያት ደግሞ አይቆጭም ብላ ማሚቱ ጽፋልኛለች፤ ወደ ጫሞ ሲወርድ ሰሌዳው ጋ ቆሞ ሣሩን ያስተካክላል አለች።

ገረሴ ብርድ ነው፤ ከዚህ ካባ እልክልዎታለሁ። ከሄዱ በኋላም ደብዳቤዬ አይቋረጥም።

ለካሱ ጥያቄ አሁን በግልጽ ልመልስ። በየካቲት የወጣንባት መርከብ በአንድ ጊዜ የምታወጣው ዓሣ የጫሞ ማኅበር በዓመት ከሚያወጣው ይበልጣል። ዓሣዋ ወደ ዳር የመጣችው እንቁላሏን ልትጥል ነው፤ መርከቦቹም የመጡት ለዚሁ ነው። ከሆዷ የሚወጣው እንቁላል የመርከቡን ወለል ያንሸራትት ነበር። «መቼ ነው የምታቆሙት?» ብዬ አንዱን መርከበኛ ጠየቅሁት። «ኮታው ሲሞላ» አለኝ። ሣር የሚያስር ሰው እዚህ አላየሁም።

የአማካሪውን ስም ቢነግሩኝ ብዬ አስቤ ተውኩት። ባላውቀው ለሁላችንም ይሻላል። ያቺን የቆመች ጣቱን ግን እያሰብኩ ብዙ ቀን ከርሜአለሁ።

አጥማጆቹ የጠየቁትን ሁለቱን ምዕራፎች በጥንቃቄ፣ ቃል በቃል ተርጉሜ አያይዣለሁ፤ ከዋናው ጋር ማንም ቢያስተያያቸው አልፈራም። ምዕራፍ ሦስት ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚሞላበትና ስለሚጎድልበት ምክንያት ነው። ምዕራፍ አምስት ስለ ሸርጣን ነው። ምዕራፍ አራት ስለ ባሕር አረም ነው፤ ዓሣ የሚል ቃል የለበትም።

ኦይታ